ለእውነት ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

እውነትን መሻት በቃል ሲናገሩት ቀላል ነው። በመድረክ ላይ ግን እውነት ሥጋ ለብሳ፣ ፈርታና ተጠራጥራ፣ በመጨረሻም ዋጋ አስከፍላ ካልታየች ስብከት ሆና ትቀራለች። በ1998 ዓ.ም. ያረፈው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን ፈተና ያልሸሸ ከያኒ ነበር።

ጸጋዬ የተወለደው በነሐሴ 1928 ዓ.ም. በአምቦ አካባቢ፣ ቦዳ በተባለ ስፍራ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ወድቀው ነበር። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ የሆኑት ይህ ልጅ ከሁለት ምንጭ ጠጣ፤ ከኦዳው ጥላና ከቤተ ክርስቲያኑ ግዕዝ። ከሁለቱ ምንጮች የተቀዱት ሁለት ሥራዎቹ ጎን ለጎን ሲመረመሩ አንድ የሞራል ጥያቄ ጎልቶ ይወጣል።

በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው «ዘ ኦዳ ኦክ ኦራክል» የሻንካን ታሪክ ያቀርባል። የኦዳው ቃል ሻንካ ኡኩቴን እንዲያገባ፣ የበኩር ልጁንም ለአባቶች መንፈስ እንዲሠዋ ያዝዛል። ሻንካ ትእዛዙን በግልጽ አይክድም፤ ይልቁንም ልጅ እንዳይወለድ ከሚስቱ ይርቃል። ብቸኝነት ያንገበገባት ኡኩቴ የክርስትናን ትምህርት ከባዕዳን ወደ ሰማው ወደ ጎዓ ትሄዳለች። በፍጻሜው ጎዓ ይሞታል፤ ኡኩቴም በወሊድ ሕይወቷ ያልፋል።

የተውኔቱ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ሻንካ ህሊናውን ንጹሕ አድርጎ ሊጠብቅ ይሻል፤ የንጽሕናው ዕዳ ግን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። እውነትን በዝምታ የያዘ ሰው እውነትን አገኘ ሊባል አይችልም። ድክመቱም ከዚሁ ይነሣል። ኡኩቴ የመከራው ሁሉ ማረፊያ ሆና ሳለ ተውኔቱ የወንዶቹን ጭንቀት ያህል የእርሷን ሐሳብ አይከተልም። ከዚህም በላይ በኦሮሞ ባህል ኦዳ የጉባኤ፣ የሕግና የእርቅ ጥላ ነው፤ እውነት፣ ማለትም «ዹጋ»፣ በዚያ ሥር በምክክር ይፈለጋል። ደራሲው ግን ዛፉን የአስፈሪ ትእዛዝ መንበር አድርጎታል። አፈ ታሪክ የመፍጠር መብቱ የተጠበቀ ቢሆንም፣ ሸንጎው ከመድረኩ በመጥፋቱ ሻንካ የሚሟገትበት ስፍራ አጥቷል፤ አሳዛኝ ፍጻሜውም በከፊል ከዚህ ጉድለት የመጣ ነው።

«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በአንጻሩ አንድ ሰውን ብቻውን ያቆማል። ፋሺስቶች ከአቡነ ጴጥሮስ የፈለጉት አርበኞችን እንዲያወግዙና ለወራሪው እንዲገዙ ነበር። ጸጋዬ ጳጳሱን እንደ ሐውልት አላቆማቸውም፤ በእመብርሃን ፊት ያማርራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ የልጅነት መንደራቸውን ያስታውሳሉ። ጽናታቸው የሚታመነው ጥርጣሬያቸው ስለተሰማ ነው። ሻንካ ዝም ባለበት እርሳቸው ይናገራሉ፤ የሻንካን ዕዳ ሌላ ሰው ሲከፍል የእርሳቸውን ራሳቸው ይከፍላሉ። የመንፈስ መንገድ የሞራል መንገድ የሚሆነውም ሰው ለያዘው እውነት ሌላውን መሥዋዕት ማድረግ ሲተው ነው።

እርግጥ፣ የጸጋዬ ቃላት እንደ ነጎድጓድ የሚከብዱበት ጊዜ አለ። ያልበሰለ ተዋናይ ድምፁን ብቻ ይዞ ሐሳቡን ይጥለዋል። ይህን ማቃናት የአዘጋጁ ፋንታ ነው።

አንድ ዕዳ ግን ለሁላችንም ቀርቷል። በኦዳ ጥላ የታሰበው ተውኔት የተጻፈው የአምቦ ገበሬ በማይሰማው ቋንቋ ነው። የአምቦ፣ የጉደርና የጊንጪ መምህራንና ከያንያን በኦሮምኛና በአማርኛ ለመድረክ ቢያበቁት፣ ጉባኤውን ወደ ዛፉ ሥር ይመልሱታል። ያን ጊዜ ኡኩቴን የምትጫወተው ተማሪ ወደ ተመልካቹ ዞራ ትቆም፤ የከፈለችውን ዋጋም ሸንጎው ይስማ።