በሰው አገር የተጻፈ የሃይማኖት ቃል

ስሙ ብዙ ጊዜ የሚጠራ፥ ነገር ግን አንብቦ የሚፈርድበት ሰው ጥቂት የሆነ መጽሐፍ አለ። ከእነዚህ አንዱ አባ ጸጋ ዘአብ በፖርቱጋል ከተማ በሊስቦን ተቀምጠው የጻፉት፥ የዚያው አገር ሊቅ ዳምያኖ ዴ ጎይስ በላቲን አዘጋጅቶ በ1540 ዓ.ም. በሉቫን ከተማ ያሳተመው፥ ስለ ኢትዮጵያ ሰዎች እምነትና ልማድ የሚናገረው መጽሐፍ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን። ታሪክ ጸሐፊዎች ከእርሱ የሚሹትን ዘመንና ስም ለቅመው ያልፉታል። እኛ ግን እንደ ድርሰት ልንመረምረው ወደድን፤ መጽሐፉ የተሸከመው ጥያቄ፥ ይኸውም ከአገሩ ርቆ የሚኖር ክርስቲያን የወገኑን ልማድ እንደ ያዘ ከሌላው ክርስቲያን ጋር ከአንድ መንበር ሊቈርብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው፥ እስከ ዛሬ አልተፈታምና።

የደራሲውን ነገር ባጭሩ እናስታውስ። የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች በ1520 ምጽዋ ወርደው ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ከተቀመጡ በኋላ ሲመለሱ፥ ዐፄ ልብነ ድንግል አባ ጸጋ ዘአብን አብረው ላኳቸው። በ1527 ሊስቦን ገቡ። ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የንጉሣችንን ደብዳቤ ይዞ በ1533 በቦሎኛ ከሮማው ሊቀ ጳጳሳት ከክሌምንጦስ 7ኛ ፊት ሲቀርብ፥ አባ ጸጋ ዘአብ ግን በሊስቦን ቀርተው ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። የንጉሡ መምህራን ስለ ሰንበት፥ ስለ ግዝረትና ስለ መብል እያነሡ ይከራከሯቸው ጀመር፤ መልእክተኛ ሆነው የመጡት ሰው ተከሳሽ ሆነው ቀሩ። በአደባባይ የታላቅ ንጉሥ እንግዳ ተብለው እየተከበሩ፥ በመቅደስ ግን ሥጋ ወደሙን ተከለከሉ። ጎይስ በ1533 አግኝቷቸው የአገራቸውን ሃይማኖት እንዲጽፉለት ለመናቸው፤ በ1534ም ጽፈው ጨረሱ።

እንግዲህ ስለ ድርሰቱ እንናገር። እውነቱን ለመናገር አሠራሩ የተስተካከለ አይደለም። የሃይማኖቱ ቃል፥ የጾሙ ሥርዐት፥ የንግሥት ማክዳና የሰሎሞን ታሪክ፥ የጳጳሱ አመጣጥ፥ የቀሳውስቱ ጋብቻ፥ ሁሉም በየተራው ይመጣል፤ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚያያዝ ግን አንባቢ በራሱ መፈለግ አለበት። የጾሙ ዝርዝር በተለይ ረዥም ነው፤ ለእኛ አዲስ ነገር አይነግረንም፤ ለኤውሮፓ አንባቢም ያሰለቸው ይሆናል። የማክዳ ታሪክ የገባበት ምክንያት ግን ይገባናል። በሰው አገር የተናቀ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው የአባቶቹን ክብር ነው፤ በባዕድ ከተማ የኖረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቢሆንም ዘርን ቈጥሮ መከራከር ለመጽሐፉ ዋና ሐሳብ አይረዳውም፤ የሚረዳው ሌላ ነው።

የመጽሐፉ ምሰሶ የቆመው ሃይማኖትንና ልማድን በመለየት ላይ ነው። ስለ ግዝረት ሲጽፉ፥ እኛ ስለ ተገዘርን ከሌላው ክርስቲያን እንበልጣለን አንልም፥ የሚያድነው እምነት ነው ይላሉ። ስለ ጥምቀት በዓል ሲጽፉም፥ በየዓመቱ ወደ ውኃ የምንወርደው የጌታን ጥምቀት ለማሰብ እንጂ ዳግመኛ ለመጠመቅ እንዳልሆነ ያስረዳሉ። አነጋገሩ ቀላል ነው፤ ኀይሉ ግን እዚህ ላይ ነው። ልማዳቸውን አልካዱም፥ በልማዳቸውም ሌላውን አልነቀፉም። ከሊስቦን መምህራን የጠየቁት ያንኑ መልሰው እንዲሰጧቸው ብቻ ነበር።

ነገር ግን ስለ ሰንበት ሲደርሱ ይህን መለየት ይተዉታል። በዚያ ቦታ የሐዋርያትን ሲኖዶስ ጠቅሰው ነገሩን ትእዛዝ ያደርጉታል። ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ የማይጠብቀው ሁሉ በደለኛ ይሆናል ማለት ነው፤ ደራሲው ግን ወደዚያ መሄድ አይፈልጉም፥ ነገሩንም በመንገድ ላይ ይተዉታል። ይህ ግልጽ ጉድለት ነው። ከዐፄ ገላውዴዎስ የሃይማኖት ቃል ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። ንጉሡ በ1555 የጻፉት አጭርና የተደላደለ ነው፤ ግዝረትን ከየአገሩ ልማድ ጋር አስተካክለው፥ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፥ በህንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው ብለው በአንድ ቃል ይፈጽሙታል። ከዚህ የተሻለ መልስ ማንም አልሰጠም። በጽሕፈት ጥበብ የንጉሡ ቃል እንደሚበልጥ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ገላውዴዎስ የጻፉት በገዛ አገራቸው፥ በዙፋናቸው ተቀምጠው ነው፤ ከመቅደስ በር የመለሳቸው ሰው የለም። የአባ ጸጋ ዘአብ መጽሐፍ ግን ከደጅ የቆመ ሰው ድምፅ አለበት።

ይህ ድምፅ የሚሰማው ስለ ቍርባኑ ክልከላ በሚናገሩበት ክፍል ነው። ግሪክም ቢሆን፥ አርመንም ቢሆን፥ ኢትዮጵያዊም ቢሆን፥ በአንዲት ጥምቀት የተወለደ ሁሉ ያለ ስድብ በፍቅር ከወንድሞቹ ጋር ሊኖር እንደሚገባው ይከራከራሉ። በዚህ ቦታ መምህርነታቸው ይቀርና የታመመ ሰው ይናገራል፤ አነጋገራቸውም ከሌላው ክፍል ሁሉ ይልቅ ይጠራል። አንዳንድ ሰው፥ ይህ የጎይስ ሐሳብ ነው፥ ጎይስ የኤራስሙስ ወዳጅ ነበርና የቤተ ክርስቲያንን ሰላም የሚሰብከውን ትምህርት ከእርሱ ተምሮ በመነኵሴው አፍ አኖረው ይላል። እውነት ነው፥ ጎይስ በ1534 በፍራይቡርግ በኤራስሙስ ቤት ተቀምጧል፤ የላቲኑም ቃል የእርሱ ነው። ነገር ግን ከቍርባን የተከለከለ ሰው ክልከላ እንደሚያሳዝን ከኤራስሙስ ሊማር አያስፈልገውም። የቋንቋው ጌጥ የጎይስ ይሁን፥ ኀዘኑ የአባ ጸጋ ዘአብ ነው ብለን እንፈርዳለን።

አሁን አንባቢን ወደሚያሳስበው ቦታ ደረስን። ከአባ ጸጋ ዘአብ አስቀድሞ ንግሥት እሌኒ የላከችው መልእክተኛ ማቴዎስ በ1514 ሊስቦን ደርሶ ነበር። ማቴዎስ አርመናዊ ነው። መልኩና ወገኑ የሐበሻ ስላልሆነ ፖርቱጋሎች በመንገድ ሳለ ሰላይ ነው ብለው አንገላቱት፥ አዋረዱትም። ጎይስ በ1532 ስለ ኢትዮጵያ ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ ከማቴዎስ ቃል የተወጣጣ ነበር፤ አባ ጸጋ ዘአብም ባዩት ጊዜ፥ ማቴዎስ አርመናዊ ስለ ሆነ ነገራችንን በሚገባ አያውቅም በሚል አሳብ አረሙት። ስለ ዕውቀቱ እውነት አላቸው፤ የአገሩ ተወላጅ የሚያውቀውን እንግዳ አያውቀውም። ሆኖም አርመኑን በአንዲት ጥምቀት ወንድም የሚያደርግ ብዕር፥ ለአርመኑ ማቴዎስ አንድ የርኅራኄ ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት? ሁለቱም የአንድ አገር መልእክተኞች ናቸው፤ ሁለቱም በዚያች ከተማ ማንነታቸው ተመርምሯል፤ አንደኛው ሐበሻ አይደለም ተብሎ፥ ሁለተኛው ሐበሻ ነው ተብሎ። ማቴዎስ በ1520 ምጽዋ ከደረሰ ብዙም ሳይቈይ ሞተ፤ የደብረ ቢዘን መነኰሳትም ወገኑን ሳይቈጥሩ በገዳማቸው ቀበሩት። ይህን የመሰለ ምስክር ከመጽሐፉ መቅረቱ ያስቈጫል፤ የሊስቦንን መምህራን ከሲኖዶስ ጥቅስ ይልቅ ይህ መቃብር ባሳፈራቸው ነበርና።

ነገሩ የጥንት ብቻ እንዳይመስለን። ዛሬ በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን የሚኖረው የአገራችን ሰው የውጭ ሰዎች ስለ ጾሙና ስለ ነጠላው ሲደነቁበት በአባ ጸጋ ዘአብ ቦታ ይቆማል፤ በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደግሞ የመጣውን ሰው የየት አገር ልጅ ነህ፥ በምን ቋንቋ ትጸልያለህ ብሎ የሚመዝን አለ፤ ያ ሰው በማን ቦታ እንደ ቆመ ራሱ ይፍረድ። መጽሐፉን ለሁለቱም እንዲሆን አድርጎ ማንበብ ይቻላል።

የመጽሐፉ ዕድል እንደ ደራሲው ዕድል ሆነ። ካርዲናል ሄንሪኬ፥ የፖርቱጋል የሃይማኖት መርማሪዎች አለቃ፥ በ1541 በአገሩ እንዳይሸጥ ከለከለው፤ በሌላ አገር ግን ታትሞ ተነበበ። ጎይስ ራሱ በሽምግልናው ጊዜ በ1571 በእነዚሁ መርማሪዎች ተይዞ ታሰረ። በሮማ ሌላው የአገራችን ሰው፥ አባ ተስፋ ጽዮን፥ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤት አግኝተው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ በ1548 እና በ1549 አሳተሙ፤ መቀደሻና ማረፊያ ያገኘ እንግዳ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። አባ ጸጋ ዘአብ ከዐሥር ዓመት የሚበልጥ ጊዜ በሊስቦን ከቈዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተነሡ፤ ነገር ግን ሳይደርሱ በመንገድ ሞቱ። መጽሐፋቸውን ለማንበብ የሚሻ ሰው በጾሙ ዝርዝር እንዳይሰለች፥ አስቀድሞ የቍርባኑን ክልከላ የሚናገረውን ክፍል ያንብብ፤ ከዚያም የገላውዴዎስን ቃል ከጎኑ አስቀምጦ ወደ መጀመሪያው ይመለስ።