በመርህ ደረጃ

የሠፈራችን ልጅ ነው። ቻይና ሄዶ አራት ዓመት ተምሮ መጣና አሁን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የቻይናውያን ፋብሪካ በአስተርጓሚነት ይሠራል። ኤችኤስኬ የሚባለውን የቻይንኛ ፈተና አምስተኛ ደረጃ ያለፈበት የምስክር ወረቀት እናቱ ሳሎን ውስጥ፣ ከምርቃት ፎቶው አጠገብ ተሰቅሏል። እናቱ ቡና ባፈሉ ቁጥር እንግዳው ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያየው ያደርጋሉ። አይፈረድባቸውም።

አንድ ቀን ይህ ልጅ ፊቱ ጠቁሮ እኔ ዘንድ መጣ። «ጋሼ፣ ሰው በድያለሁ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው የጥድፊያ ሥራ ይዞ ነበርና አስተዳደሩ በቻይንኛ ማስታወቂያ አወጣ። በዚህ ወር «ዩዋንዘ ሻንግ» የዕረፍት ፈቃድ አይሰጥም ይላል። ልጁ «ዩዋንዘ» ማለት «መርህ» ማለት እንደሆነ ከቃላት ዝርዝሩ ላይ ሸምድዷል። መርህ ደግሞ የማይናወጥ ነገር ነው ብሎ፣ «በፋብሪካው ደንብ መሠረት በዚህ ወር ፈቃድ ፈጽሞ አይሰጥም» ሲል ለሠራተኛው አነበበ። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዷ እናቷ አገር ቤት ታማባት ነበር። ፈጽሞ ከተባለማ ምን ብላ ትጠይቅ? ዝም ብላ መስፋቷን ቀጠለች። እናትየዋ ወሩ ሳያልቅ አረፉ፤ ልጅቷ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። ወሬው ቻይናዊው አስተዳዳሪ ጆሮ ሲደርስ ሰውየው ደነገጠ። «ለምን አልጠየቀችም? ያልነው እኮ ዩዋንዘ ሻንግ ነው!» አለ።

ለካስ ቃሉ በሩን የሚዘጋ ሳይሆን ገርበብ አድርጎ የሚተው ኖሯል። «በመርህ ደረጃ አይቻልም፤ የቸገረው ግን መጥቶ ያነጋግረን» እንደማለት ነው።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ይህንን እኛም አሳምረን እናውቀዋለን። አንድ ኃላፊ «በመርህ ደረጃ ተስማምተናል» ቢልህ፣ ወዳጄ፣ ጉዳዬ አለቀ ብለህ ቤትህ ገብተህ ትተኛለህ? አትተኛም። ገና ብዙ ደጅ መጥናት እንዳለብህ ታውቃለህ። ልጁም በአማርኛ ቢሆን አይሳሳትም ነበር። ቻይንኛው ላይ ሲደርስ ግን ቃሉን እንጂ ቃሉን የሚናገሩትን ሰዎች አላወቀም።

እስቲ አሁን እናስብ። ይህንን ከየት ይማረው ነበር?

ከመማሪያ መጽሐፉ አይማረውም። የመማሪያ መጽሐፍ ቻይንኛ ራሱን የቻለ ሰላማዊ አገር ነው። በዚያ አገር ሰው ሁሉ ቤተ መጻሕፍቱ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሰው ሁሉ ፖም ይገዛል፤ ሰው ሁሉ ስለ አየሩ ያወራል። ምራትና አማት አይጣሉም። ተበዳሪ አይክድም። አለቃ ነገሩን ሸፈን አድርጎ አይናገርም። ከቃላት ዝርዝሩም አይማረውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የኤችኤስኬ አከፋፈል አምስተኛው ደረጃ 2,500፣ ስድስተኛው 5,000 ቃላት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው መስፈርት ደግሞ ደረጃዎቹን 9 አድርጎ ቃላቱን ወደ 11,092 አሳደጋቸው። ቁጥሩ አደገ እንጂ ዝርዝር ያው ዝርዝር ነው፤ ቃልን ከነመልኩ እንጂ ከነጠባዩ አያስተዋውቅም።

ስለዚህ «ቻይናውያን ለቻይናውያን የሚያሳትሙትን መጽሔት አንብብ» የሚለው የቆየ ምክር ትክክል ነው እላለሁ። ብቻ ሁሉም መጽሔት ለተማሪ እኩል አይደለም። ሁለቱን ላንሳ።

አንደኛው «ጉሺሁይ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሻንጋይ ውስጥ የተጀመረ፣ ኪስ የሚገባ ትንሽ የታሪክ መጽሔት ነው። ሲነሣ ዓላማው በየፋብሪካውና በየገጠሩ እየዞሩ ተረክ ለሚያወሩ ሰዎች የሚነገር ታሪክ ማቅረብ ነበር። ስለዚህ ለጆሮ የተጻፈ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ያጠረ፣ ወሬው ቶሎ የሚጀምር። ሁለተኛው «ዱዠ» ነው፤ «አንባቢ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በጋንሱ ክፍለ ሀገር በላንዡ ከተማ ተወለደ። ስሙ ከአሜሪካው «ሪደርስ ዳይጀስት» ቻይንኛ ስም ጋር ገጥሞ ውዝግብ አስነሣና በ1993 ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2006 ስርጭቱ በወር ወደ 10 ሚሊዮን ቅጂ ደርሶ ነበር። ከልዩ ልዩ ጽሑፎች እየመረጠ የሚያትም፣ ቁጥብና ጨዋ መጽሔት ነው።

መምህራን ሲመክሩ ብዙ ጊዜ «ዱዠ»ን ያስቀድማሉ፤ የተከበረ ነውና። እኔ ግን ለጀማሪ አንባቢ «ጉሺሁይ»ን አስቀድማለሁ። «ዱዠ» ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ጽሑፍም ያወጣል፤ ተማሪው የቻይናን ልብ አገኘሁ ብሎ ሲደሰት ያነበበው ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ምክር ሊሆን ይችላል። ሌላው ጣፋጭነቱ ነው። ቻይናውያን ራሳቸው እንዲህ ዓይነቱን ልብ የሚያባባ ምክር «የነፍስ የዶሮ ሾርባ» እያሉ ይቀልዱበታል። «ጉሺሁይ» ግን፣ የተማረው ሰው ናቅ ቢያደርገውም፣ ገጹ ላይ አለቃና ሾፌር፣ አማትና ምራት፣ አበዳሪና ተበዳሪ ይነታረካሉ። እምቢታ እሺታ መስሎ፣ እሺታም እምቢታ መስሎ እንዴት እንደሚነገር የሚታየው እዚያ ነው።

አሁን ደግሞ የሌላኛውን ወገን ስሕተት እንይ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ የእነሱን መጽሔት ያዝ፤ ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ዋና የማያውቀውን ሰው ዓባይ ውስጥ ገፍትሮ «ዋኝ» እንደማለት ነው። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ ንባብ ጥናት፣ አንድ ሰው ልብ ወለድን ያለረዳት በወጉ እንዲረዳ ከገጹ ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ አለበት ብለዋል። ከ50 ቃል እንግዳው 1 ብቻ ይሁን ነው ነገሩ።

ቻይንኛ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በቃልና በቃል መካከል ክፍተት የለም፤ ተማሪው የማያውቀውን ቃል ከመፈለጉ በፊት ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ መገመት አለበት። የሰው ስም እንኳ በትልቅ ፊደል አይለይለትም። በዚያ ላይ የጽሑፍ ቋንቋው ከንግግሩ ይለያል። በአፍ «ኸ» የሚባለው «እና» በጽሑፍ «ዩ» ሆኖ ይመጣል፤ በአፍ «ባ» የተባለው «ጂያንግ» ይሆናል። አማርኛን ከታክሲ ረዳት የተማረ ፈረንጅ ጋዜጣ ሲገልጥ «ርእሰ አንቀጽ» እና «ቃለ መጠይቅ» እንደሚጠብቁት ማለት ነው። አራት ፊደል ብቻ የሆኑት የጥንት አባባሎችም አሉ። «ሾው ዡ ዳይ ቱ» ቃል በቃል «ጉቶ መጠበቅ፣ ጥንቸል መጠባበቅ» ነው። ሃን ፈይዝ በተባለው የጥንት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ታሪክ ነው፤ አንዲት ጥንቸል ከጉቶ ተጋጭታ ስትሞት ያየ ገበሬ ዶማውን ጥሎ ሌላ እስክትመጣ ጉቶው ሥር ቁጭ አለ። መጽሔቱ አራቱን ፊደል ጣል አድርጎ ያልፋል፤ ታሪኩን አይነግርህም። አንባቢዬ ያውቀዋል ብሎ ነዋ!

ስለዚህ መሠረቱን ያልያዘ ተማሪ መጽሔት ቢከፍት የሚያደርገው ንባብ ሳይሆን ቁፋሮ ነው። ዛሬ ስልክ ላይ ፊደሉን ነካ ሲያደርጉት ትርጉሙ ብቅ ይላል። ምቾቱ ግን ወጥመድ አለው፤ ተማሪው ገጹን ጨረስኩ ይላል፣ ያነበበው ግን መዝገበ ቃላቱን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መሠረቱን በመማሪያ መጽሐፍ ይያዝ። ከዚያ አንዲት አጭር ታሪክ ይምረጥ፤ አንዲት ብቻ። መጀመሪያ ያለመዝገበ ቃላት ዳር እስከ ዳር ያንብባት፣ ባይገባውም። ሁለተኛ ሲያነብ ደጋግመው የመጡትን ቃላት ብቻ ይፈልግ። ሦስተኛ አንብቦ ይዝጋትና ታሪኩን ጮክ ብሎ ለሰው ይንገር። የኛ የቆሎ ተማሪ አንዱን ገጽ ሳያደላድል ወደ ሌላው እንዳያልፍ የሚከለከለው ያለ ነገር አልነበረም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቻይና ውስጥ መጽሔት የሚታተመው በመንግሥት ፈቃድ ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ ያለው እውነተኛ ቻይንኛ ቢሆንም፣ ቻይናዊ የሚያወራው ሁሉ ገጹ ላይ አለ ማለት አይደለም። ከመጽሔቱ ቀጥሎ ሰው ያስፈልጋል፤ ሻይ የሚያጠጡት፣ የሚከራከሩት ሰው።

ለልጁ ይህንን ሁሉ አልነገርኩትም፤ ያዘነ ሰው ላይ ትምህርት አይከመርም። በኋላ ግን ፋብሪካው ውስጥ ካለ ቻይናዊ መካኒክ የቆዩ «ጉሺሁይ»ዎች ተውሶ ማንበብ እንደጀመረ ሰማሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከግማሽ ገጽ አላለፈም አሉ።

ሰሞኑን መንገድ ላይ አገኘሁትና «አሁንስ ማስታወቂያ ሲወጣ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ከማንበቤ በፊት አስተዳዳሪው ዘንድ እገባለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። «‹ይኼ በመርህ ደረጃ ያልከው፣ እናቷ ለታመመችባትም ነው?› ብዬ እጠይቀዋለሁ።»