ጠላ በጃፓን ቢራ ሚዛን

የጃፓን ትንንሽ ጠማቂዎች ቢራ ዝናው ከአገሩ አልፎ እየተሰማ ሄዷል። በጠርሙሱ ላይ ጉጉት የተሣለበት የሂታቺኖ ቢራ በአሜሪካና በአውሮፓ ይሸጣል፤ ስለ ጣዕሙ የሚጽፉትም ሰዎች ወይን እንደሚቀምስ ሰው ይጠበቡበታል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ያገራችን ሰዎች፥ «የእኛም ጠላ እኮ ያላደገ ቢራ ነው፤ ቢያድግ ኖሮ እንዲሁ በተከበረ» ይላሉ። ይህ አስተያየት ለጠላ ያዘነ ቢመስልም፥ ጠላንም ሆነ የጃፓንን ቢራ በቅጡ ካለመመልከት የመጣ ነው ብለን እናምናለን። ጠላውን የምንመለከተው በአራዳ ነው።

አስቀድመን የጃፓኑ ነገር እንዴት እንደ ተጀመረ እንይ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1899 መጠጥን በቤት መጥመቅ በሕግ ከለከለች፤ ዛሬም ቢሆን ከመቶ አንድ እጅና ከዚያ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ያለ ፈቃድ መጥመቅ ክልክል ነው። የቢራ ፈቃድ የሚፈልግም በዓመት 2 ሚሊዮን ሊትር የመጥመቅ ግዴታ ስለ ነበረበት፥ ሥራው በጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች እጅ ቀረ። ይህ ልክ እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ 60 ሺህ ሊትር ወረደ። ያን ጊዜ ብዙ ትንንሽ ጠማቂዎች ብቅ አሉ። ከእነርሱም አንዱ ከ1823 ጀምሮ ሳኬ ሲጠምቅ የኖረው የኪውቺ ቤት ሲሆን፥ በ1996 ወደ ቢራ ገባ፤ ሂታቺኖም የዚህ ቤት ሥራ ነው። እንግዲህ ጠማቂዎቹ የታዩት በሩ ሲከፈት ነው፤ ጥበቡማ በየቤቱ ክልክል ሆኖ ወደ መቶ ዓመት ሊጠጋ ምንም አልቀረውም ነበር።

በሩ ከተከፈተ በኋላም ነገሩ ሁሉ ማር አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጠመቀው የየአውራጃው ቢራ አብዛኛው ለአገር ጎብኚ እንደ መታሰቢያ የሚሸጥ፥ ዋጋው የከበደ ጣዕሙም ያልተስተካከለ ነው ተብሎ ተነቅፎ ነበር፤ ከጠማቂዎቹም አያሌዎቹ ዘጉ። ስለዚህ «ትንሽ ጠማቂ ሁሉ ብልህ ጠማቂ ነው» የሚለውን ውዳሴ አንቀበለውም። ለጠላም ቢሆን አንሰጠውም።

አሁን ወደ አራዳ እንምጣ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው ቦታውን ፒያሳ ከማለታቸው በፊት፥ አራዳ የከተማው ዋና ገበያ ነበር። ገበያተኛ ባለበት ደግሞ ጠላ አለ። ገበያው ከሄደ በኋላም የጠላ ቤት ከዶሮ ማነቂያና ከሠራተኛ ሰፈር ጓሮ አልጠፋም። ምልክቱ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነበር። ጣሳውና የጃፓኑ ጉጉት አንድ አገልግሎት አላቸው፤ ልዩነታቸው ጉጉቱ የማን ቢራ እንደ ሆነ ሲናገር ጣሳው ጠላ መኖሩን ብቻ መናገሩ ነው። የማን ጠላ እንደ ሆነ የሚያውቀው ሰፈርተኛው ነው።

የሥራውን አካሄድ ለተመለከተው ግን «ያላደገ» የሚለው ቃል ወዴት እንደሚያርፍ አይገኝም። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ ከብቅል ጋር በውኃ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ከጥቂት ቀን በኋላ የተቆራረሰ ቂጣና ተቆልቶ የተፈጨ እህል ገብቶበት ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም ውኃ ተሞልቶ አፉ ይታፈናል። ሳይጠል የተቀዳው ጉሽ ይባላል፤ ወፍራሙና ተጣርቶ የሚሸጠው ፊልተር፤ በድፍድፉ ላይ ዳግመኛ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ። የጎንደር ሰው ኮረፌን ከጠላ ለይቶ ይጠራል፤ ጎጃሜው ዳጉሳና በቆሎ ሲያገባ የሸዋው ገብስ ይወዳል። እህሉ ምን ያህል እንደ ጠቆረ፥ ጌሾው ምን ያህል እንደ መረረ፥ ጢሱ ምን ያህል እንደ ገባ፥ ለዚህ ሁሉ ጠጪው ፍርድ አለው። ይህን ያህል ስም ያወጣ ሕዝብ ሐያሲ አጥቷል ማለት አይቻልም፤ ፍርዱን በጽሑፍ አላሰፈረውም እንጂ።

ደግሞስ ጠላ የቢራን ስም ለምን ይለምናል? በጃፓን ሕግ እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ድረስ እንደ ድንብላልና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለ ቅመም የገባበት መጠጥ ቢራ መባል አይችልም ነበር፤ በሌላ ስም ይመዘገብ ነበር። ጠጪው ግን በዚህ ምክንያት አልተወውም። በጌሾ የሚመር መጠጥም በሆፕ አለመምረሩ ጉድለት አይሆንበትም።

የከተማችን የጠርሙስ ቢራማ ሌላ ጉዳይ ነው። ጊዮርጊስ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1922 ተመሥርቶ በ1998 ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል እጅ ገባ፤ ሐረርና በደሌን በ2011 ሄኒከን ገዛቸው። ስማቸው የቅዱስና የየአገሩ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ለቀመሳቸው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ዓይነት ነጣ ያለ ላገር ናቸው። ልዩ ልዩ ጣዕም የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የሚያገኘው ከጋን እንጂ ከጠርሙስ አይደለም።

የጠላን ነውር አንሸፍንም። ቶሎ ይሆመጥጣል፤ ብርታቱ አይታወቅም፤ ውኃው ንጹሕ ካልሆነ ሆድ ያውካል፤ የዛሬ ሳምንት የጣፈጠው ቤት ዛሬ ሊያሳፍር ይችላል። ጃፓኖቹ ከሌላው ነገር ይልቅ ያሸነፉት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ከእነርሱ የምንማረው ካለም መለያ ወረቀቱን ሳይሆን ጥምቀቱን ከጥምቀት ማስተካከልን ነው።

ነገር ግን የሚማረው ማን ነው? በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፥ ከነዋሪዎቹ አያሌዎቹ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተዛወሩ። የአካባቢው ቤቶች ያረጁና የተጨናነቁ እንደ ነበሩ አይካድም፤ ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት ማግኘትም ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ጠላ ጓሮ ይፈልጋል። እህል የሚቆላበት ምድጃ፥ ጋን የሚታጠንበት ደጅ፥ አተላ የሚደፋበት ስፍራ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ የእትዬን ጠላ ከጎረቤቷ ለይቶ የሚያውቅ ጠጪ ይፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ ዛሬ በከተማው ዳር በልዩ ልዩ ሕንፃ ተበትኗል። ጃፓን ጥመቃን ከቤት ያስወጣችው በሕግ ነበር፤ ለትንንሽ ጠማቂዎች ልትከፍተው የቻለችውም የሕጉን ልክ ዝቅ በማድረግ ነው። ለአራዳ ጠላ ግን ዝቅ የሚደረግለት አንቀጽ የለም፤ ማንም አልከለከለውምና። በሦስተኛ ፎቅ ላይ ለፋሲካ የምትጠምቅ ሴት በፕላስቲክ በርሜል ትጠምቃለች፤ ወይራውንም የጎረቤት መስኮት ስለምትፈራ ትተወዋለች።