ብስክሌት፣ የአዋቂ ሰው ወዳጅ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚወስደው አስፋልት በአዲስ ቅዳም ያልፋል። አገሩ፣ አዊ፣ የፈረሰኞች ነው፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የፈረስን ክብር ለትውልድ አቆይቷል። እኔ ዛሬ የማመሰግነው ግን ሣርም ቤንዚንም የማይጠይቀውን ብስክሌት ነው።

አዋቂ ሰው ፔዳል ሲመታ ትላልቆቹ የጭንና የባት ጡንቻዎች ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ልብ ፈጥኖ ደም ይረጫል፣ ትንፋሽም ይጠልቃል። ይህ ሲዘወተር ልብ ይጠነክራል፣ የደም ግፊት ይረግባል፣ ጡንቻም የደም ስኳርን በተሻለ ይጠቀማል። የሰውነት ክብደት ኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ፣ ሩጫ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ይስማማል።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ብስክሌት የነዳ ሰው ይህን ሞላ ማለት ነው። በብሪታንያ 263,450 ሰዎችን ተከታትሎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም፣ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለሱ ሰዎች ያለ ዕድሜ የመሞት አደጋቸው በመኪናና በሕዝብ ማመላለሻ ከሚሄዱት በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል።

ለጥ ባለችው ባሕር ዳር ብስክሌት የቆየ የከተማው ልማድ ነው። የአዊ ዳገት ጠንከር ይላል፤ በዝግታ ለጀመረ ሰው ግን ዳገቱም ልብን ያበረታል። ብስክሌት ለልጅ ብቻ አይደለም፤ ጎልማሳውም፣ እናቲቱም፣ ጡረተኛውም ይንዱት።