የሞክሼ ፊደላት ሳንካ በቃል ግምት ጨዋታ ውስጥ

በቅርቡ አንድ የፕሮግራም ጽሕፈት ጀማሪ በፓይተን ቋንቋ ያዘጋጀውን የቃል ግምት ጨዋታ እንድመረምርለት አቀረበልኝ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ኮምፒዩተሩ አንድ ቃል ይደብቃል፤ ተጫዋቹ ፊደል በፊደል ይገምታል፤ ስድስት ጊዜ ከሳተ ይሸነፋል። የተደበቁት ቃላት የአማርኛ በመሆናቸው ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችንም የሚመለከት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ይገባል። እንግሊዝኛ የፕሮግራምን ጉድለት በነፍሳት ስም ይጠራዋል። አጠራሩ እ.ኤ.አ. በ1947 በሃርቫርድ ኮምፒዩተር ውስጥ ከተገኘችው የእሳት ራት የመጣ ነው መባሉ የተለመደ ነው፤ ይሁንና ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን በዚሁ ስሜት ተጠቅሞበታል። ስለዚህ «ተባይ» ወይም «ትኋን» ብሎ መተርጐም የሰውን ቀልድ መዋስ ነው። «ሳንካ» የሚለው የራሳችን ቃል ይበቃል፤ ድርጊቱም «ሳንካ ነቀሳ» ቢባል፣ እሾህ ይነቀሳልና፣ ጆሮ አይጐረብጠውም። «ግድፈት» ግን ለሌላ ይቀመጥ፤ ፓይተን ራሱ አላነብም ብሎ የሚመልሰው የአጻጻፍ ስሕተት ግድፈት ነው። ሳንካ ፕሮግራሙ እየሠራ በዝምታ የተሳሳተ ፍርድ ሲሰጥ ነው።

የመጀመሪያው ሳንካ ተራ ነበር። «ከበበ» በሚለው ቃል ተጫዋቹ በን ሲገምት ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን በ ብቻ ገልጦ ሁለተኛውን ይተወዋል፤ የፊደሉን ስፍራ የሚፈልገው ትእዛዝ ቀድሞ ባገኘው ላይ ይቆማልና። ቃሉን ከዳር እስከ ዳር በዙር እንዲፈትሽ ሲደረግ ተስተካከለ።

ሁለተኛው ግን የእኛ የራሳችን ነው። የተደበቀው ቃል «ሠዓሊ» ሳለ እሳቱን ሰ ገመትሁ፤ ተሳስተሃል አለኝ። አልፋውን አ ብል፣ ዳግመኛ ተሳስተሃል። በዩኒኮድ ሠ ቁጥሩ 4640፣ ሰ ደግሞ 4656 ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለቱ ሰና በ የሚራራቁትን ያህል የተለያዩ ናቸው። ጆሮዬ አንድ የሚያደርገውን እርሱ አያውቅም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ርእስ «ዐዲስ» ያሉት በዐይኑ ዐ ነው፤ ዛሬ ብዙው ሰው በአልፋው ይጽፈዋል። ከሁለቱ አንዱን የገመተ ተጫዋች በምን ጥፋቱ ይቀጣል?

ጀማሪው ይህን ሲረዳ የቃላት ዝርዝሩን ከፍቶ ንጉሡን ሠ ሁሉ በእሳቱ፣ ዐይኑን በአልፋው፣ ሐመሩንና ብዙኃኑን በሃሌታው፣ ፀሐዩን በጸሎቱ ለወጠ። ጨዋታው ተቃና፤ ዝርዝሩ ግን ተበላሸ። «ሠረቀ» ብሎ የወጣው ፀሐይ «ሰረቀ» ተብሎ ሌባ ሆነ። «ሠዓሊ»ም ለማኝ ከሆነው «ሰኣሊ» የሚለይበትን ምልክት አጣ። የፊደል ቅነሳ ይደረግ አይደረግ የሚለው ክርክር ለብቻው ነው፤ እኔም በብዙ ነጥብ ከቀናሾቹ ወገን ነኝ። ነገር ግን ለጨዋታ ምቾት ሲባል የቃልን ጽሕፈት በጓሮ መለወጥ ተገቢ አይደለም።

መታረም ያለበት ዝርዝሩ ሳይሆን ማነጻጸሪያው ነው። ፓይተን ፊደልን በፊደል የሚተካ የመለወጫ ሰንጠረዥ አለው። የተገመተውም ፊደል የተደበቀውም ቃል ለማነጻጸር ያህል በዚያ ሰንጠረዥ ያልፋሉ፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ግን እንደ ተጻፈ ይቀራል። ሰንጠረዡ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃን በአንድነት፣ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓንም እንዲሁ መያዙን እንዳትዘነጉ፤ ጀማሪው ግእዙን ከራብዑ ማጣመር ረስቶ ነበር።

የቀረው የስድስቱ ዕድል ነገር ነው። ይህ ቁጥር ለ26 የላቲን ፊደላት የተመጠነ ሲሆን የእኛ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ አምስቱ ሞክሼ ዘሮች ቢቀነሱ እንኳ 196 ይቀራሉ። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ዘር ስምንት ተከታታይ ስፍራ ስለ ተሰጠው ቁጥሩ ለስምንት ተካፍሎ ቀሪው ሲተው ዘሩ ይታወቃል። ስለሆነም ተጫዋቹ መጀመሪያ ዘሩን፣ ቀጥሎ ቤቱን ቢገምት፣ ቅጣቱም በዘሩ ብቻ ቢሆን እላለሁ።