የአንድ ሰው ቂም፥ የብዙዎች ዕዳ

በቀለኛ ሰው ሒሳቡ ከጠላቱ ጋር ብቻ ይመስለዋል። ዕዳውን የሚከፍሉት ግን ብዙውን ጊዜ በነገሩ ያልነበሩበት ሰዎች መሆናቸውን ሁለት ስመ ጥር የአሜሪካ ልብ ወለዶች ያስረዱናል። እኛ የፎገራ ሰዎችም ደም መመለስ የሚባለውን ልማድ ስለምናውቅ፥ እነዚህን መጻሕፍት እንደ ሩቅ አገር ተረት ልናነባቸው አይገባንም።

ናትናኤል ሆውቶርን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ባሳተመው «ቀዩ ፊደል» በተባለው መጽሐፉ፥ ሚስቱ ከሌላ የወለደችበት ቺሊንግዎርዝ ስሙን ለውጦ፥ በሐኪምነት ቀርቦ፥ የበደለውን ሰባኪ ለዓመታት ኅሊናውን ያሠቃየዋል። ሰባኪው በሕዝብ ፊት ጥፋቱን ገልጦ ሲሞት፥ ሕፃኗ ፐርል አባቷን ባገኘችበት ሰዓት ታጣዋለች። በቀለኛውም የሚኖርለት ነገር አጥቶ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል።

ሄርማን ሜልቪል ለዚሁ ለሆውቶርን መታሰቢያ አድርጎ በ1851 ዓ.ም. ያሳተመው «ሞቢ ዲክ» ግን ነገሩን አስፍቶ ያሳያል። አክዓብ የተባለው የመርከብ አዛዥ አንድ እግሩን ነጭ ዓሣ ነባሪ ቆርጦበታል። መርከበኞቹ የተቀጠሩት ዘይት ለማምጣትና ድርሻቸውን ለመቀበል ነው፤ እርሱ ግን የሁሉንም እንጀራ የቂሙ መሣሪያ አደረገው። ሹሙ ስታርበክ ቢቃወመውም አልሰማም። «ራሔል» የተባለችው መርከብ አዛዥ በባሕር የጠፋ ልጁን አብሮት እንዲፈልግ ቢለምነው እምቢ አለ። በመጨረሻ መርከቢቱ ከነሰዎቿ ስትሰጥም የተረፈው ተራኪው እስማኤል ብቻ ነው፤ ከውኃውም ያወጣችው ልጇን ስትፈልግ የነበረችው ያችው ራሔል ናት።

መጽሐፉ ስለ ዓሣ ነባሪ አፈጣጠር በሚዘረዝርባቸው ምዕራፎች አንባቢን ማሰልቸቱ አይካድም። የአክዓብም ንግግር እጅግ ያማረ ስለ ሆነ ወጣት አንባቢ እንደ ጀግና ሊያየው ይችላል። ነገር ግን ሜልቪል ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ብቻ አልጣለም። መርከበኞቹ በአዛዡ ፊት ጠጥተው ዓሣውን ሊገድሉ ምለዋል፤ እስማኤልም ራሱ ከእነርሱ ጋር መጮኹን አልሸሸገም።

ከመጽሐፉ ወደ አገራችን እንመለስ። ገዳይ ቢሸሽ ወይም ቢታሰር ደመኛው ወንድሙን ወይም አጎቱን ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ምንም ያላጠፋ ገበሬ የርብና የጉማራ ውኃ ያጠጣውን የሩዝ ማሳ ጥሎ ይሰደዳል፤ ወረታ ገበያ መውጣትም ይፈራል። ገዳዩን የሚያነሣሣው ደግሞ የራሱ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ «ደሙን ያልመለሰ» እያለ የሚሰድበው ጎረቤትና ዘመድ ነው። ይህ ስድብ ከመርከበኞቹ ጩኸት በምን ይለያል? ደም አድራቂ ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገን ዘመዶች በአንድነት የሚያስምሉት፥ ቂም የብዙዎች ሥራ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ «ሞቢ ዲክ»ን ለወረታ ልጆች የሚያነብ መምህር፥ «አክዓብ ጀግና ነውን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፥ «በዚያች መርከብ ብትኖሩ ኖሮ አብራችሁ ትምሉ ነበርን?» ብሎ ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቅማል እንላለን።