በጓደኛ ረቂቅ ላይ ስለሚሰጥ አስተያየት

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የየትውልድ አገራቸውን ልማድ ጽፈው ማሳተም ከጀመሩ ወዲህ፥ በአገር ልጅ የሚጻፍ የባህል ጥናት እየበዛ ሄዷል። ጥናቱ ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለጓደኛ ሰጥቶ ማስነበብም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በኅዳጉ ላይ ተጽፎ የሚመለሰው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት አያልፍም፤ አንደኛው «እጅግ ማለፊያ ነው» የሚል ምስጋና፥ ሁለተኛው ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፥ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ የሚለይ የፊደል እርማት ነው። ፊደልን ማቃናት የሚገባ ሥራ ቢሆንም፥ የጥናቱን መሠረት ሳይመረምሩ በዚያ ብቻ መወሰን ምስጥ የበላውን ምሰሶ ትቶ ግድግዳውን እንደ መለሰን ነው።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ ስለ ገበሬዎች መረዳዳት ሲጽፍ «በመንደሩ አጨዳ የሚከናወነው በደቦ ነው» ብሎ ቢያልፍ፥ ደቦና ወንፈል ተደባልቀውበት ይሆናል። በወንፈል አንዱ ለሌላው የዋለው ቀን በቀን ይመለስለታል፤ በደቦ ግን ባለቤቱ ምግብና ጠላ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው ይጠራል፥ የዋለውም ሰው ቀኑን ቈጥሮ አያስመልስም። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፤ ለድግስ የሚበቃ እህል የሌለው ድኻ ወንፈል ይገባል፥ ደቦ ለመጥራት ግን ይቸግረዋል። ሁለቱን የቀላቀለ ጥናት እንግዲህ ባለጸጋውና ድኻው የሚለያዩበትን ነገር ይሸፍናል።

ይህን ያየ አንባቢ «ተሳስተሃል፤ ይህ ወንፈል ነው» ብሎ ቢጽፍ ግን እርሱም ሊሳሳት ይችላል። የነዚህ ቃላት አጠራርና ትርጕም ከአገር አገር ይለዋወጣልና፥ የአንባቢው መንደር በጸሐፊው መንደር ላይ ዳኛ ሊሆን አይገባም። የሚጠቅመው አስተያየት ጥያቄ ነው፤ የዋለው ሰው ቀኑ ይመለስለታልን? ምግቡን የሚያቀርበው ማን ነው? ጸሐፊው ይህን በዓይኑ አየ ወይስ ከሽማግሌ ሰማ? ከሰማስ የተነገረው ዛሬ የሚደረገው ነው ወይስ ሊደረግ ይገባል የሚባለው? እንዲህ ያለው ጥያቄ ጸሐፊውን ሳያሳፍር ወደ ነጋሪዎቹ ይመልሰዋል።

በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያቃናዋል፤ በዚህም ማንም አያፍርም። ይህ ድፍረት ለዘመናዊው ተማሪም ያስፈልገዋል። ሆኖም በቅኔ ቤት የቅኔውን መንገድ አብልጦ የሚያውቀው አራሚው ሲሆን፥ በባህል ጥናት መንደሩን አብልጦ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። ስለዚህ የመምህር ፈንታ ማቃናት፥ የጓደኛ ፈንታ መጠየቅ ነው።

በይሉኝታ ዝም ያለ ጓደኛ ጸሐፊውን ያከበረ ይመስለዋል። ነገር ግን ሳይጠየቅ የታተመ ስሕተት በሌላ ጥናት ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል፤ የነገሩት ሽማግሌዎች ካለፉም በኋላ የሚያቃናው አይገኝም።